ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ሲመረጥ፦ ከመታጠቢያው በፊት ማዕድ ቤቱን ይመልከቱ

ጥያቄ፦ «ልጄ በ2026 መስከረም ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ልትጀምር ነው። እኔ የምኖረው ለንደን ነው፤ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት፤ ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። እኔ የግል መታጠቢያ ያለው፣ ምግብ የሚያቀርብና የሴቶች ብቻ የሆነ መኖሪያ ይሻላታል እላለሁ። እርሷ ደግሞ ጓደኞቿ ወደሚገቡበት ወደ ፋሎፊልድ የተማሪዎች መኖሪያ ግቢ ካልሆነ ትላለች። ጾም ትጾማለች። አክስቷ እዚያው ማንቸስተር ስላለች ከእርሷ ጋር ብትኖርስ? እኔ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ስማር በአንድ ዶርም ስድስት ሆነን ነበር የኖርነው፤ የዚህን አገር አሠራር ግን አላውቀውም።»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ከጥያቄዎ ሁሉ ልቤን የያዘው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝ አገር በተማሪዎች መኖሪያ አስተዳደር ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከአገራችን የመጡ ወላጆች በምርጫው የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ እንደሆነ አይቻለሁ። እርስዎ በሚያውቁት ዶርም ዋናው ችግር መጨናነቅ ነበር፦ ተደራራቢ አልጋ፣ ለሁለት የሚከፈል ቁም ሣጥን፣ ሌሊቱን መብራት አብርታ የምታጠና አብሮ አደር፣ የካፌ ሰልፍ። ክፍሉንም አብሮ አደሩንም የሚመድበው ዩኒቨርሲቲው ስለነበር ምርጫ የሚባል ነገርም አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ መጨናነቅ ማንም ሳይጠይቀው የሚሰጠው አንድ ነገር ነበረው፦ አንዲት ፍሬሽ ተማሪ ብትታመም፣ ብታለቅስ ወይም ሁለት ቀን ካፌ ሳትታይ ብትቀር ቢያንስ አምስት ሰው ያውቅባታል። በእንግሊዝ አገር ግን ልጅዎ የምታገኘው ለብቻዋ የምትቆልፈው አንድ ክፍል ነው፤ እዚህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን የሚፈትናት ብቸኝነት ነው። ስለዚህ በአገር ቤቱ ዶርም ልምድ ተመርተው መጨናነቅን ለመሸሽ ሲሉ ልጅዎን ወደ ብቸኝነት እንዳያስገቧት እሰጋለሁ።

የግል መታጠቢያ ያለውን ክፍል በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ክፍሉ ምቹ ነው፤ ለመጸዳጃ ወረፋ አይጠበቅም፤ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪም አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ሕንፃዎች የክፍሎቹ በሮች እሳትና ጭስ እንዲያግዱ የተሠሩ ከባድ በሮች ናቸው፤ ከከፈቷቸው በኋላ በራሳቸው ይዘጋሉ። ስለዚህ መተላለፊያው ሁልጊዜ የተዘጉ በሮች ተራ ነው። መታጠቢያውም፣ ጠረጴዛውም፣ አልጋውም ከዚያ በር ጀርባ ሲሆን፣ ዓይነ አፋር የሆነች ልጅ ምግቧን ይዛ ወደ ክፍሏ ገብታ እስከ ማግስቱ ከማንም ጋር ሳትነጋገር መዋል ትችላለች። አንድ ጊዜ ያነጋገርኳቸው የአንድ ፍላት (አንድ ማዕድ ቤት የሚጋሩ ክፍሎች) ተማሪዎች ከመካከላቸው ያለው አንድ ክፍል ባዶ እንደሆነ ለብዙ ሳምንታት ሲያምኑ ቆይተው ነበር፤ በክፍሉ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ልጅ ይኖርበት ነበር። መታጠቢያ የሚጋሩ ተማሪዎች ግን በጠዋት ፎጣ እንደያዙ ይገናኛሉ፤ ሰላምታው ሳይፈልጉትም ይመጣል። የጋራ መታጠቢያ ያለው ክፍል ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ ስላለ ልጅዎ ፊቷንና ጥርሷን ለመታጠብ ከክፍሏ መውጣት አያስፈልጋትም።

ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ማዕድ ቤቱ ነው። አንዱን ማዕድ ቤት ስንት ሰው ይጋራዋል? ሁሉም ተቀምጠው የሚበሉበት ጠረጴዛ አለው ወይስ ቆመው የሚያበስሉበት ጠባብ ክፍል ብቻ ነው? ለስንት ሰው አንድ ማቀዝቀዣ ይደርሳል? በእኔ ግምት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰው የሚጋራው ማዕድ ቤት ከሁሉ ይሻላል። ሦስት ወይም አራት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ ካልተስማሙ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል፤ ከአሥራ ሁለት በላይ ሲሆኑ ደግሞ ማዕድ ቤቱ የማንም ስላልሆነ የሚያጸዳው አይገኝም፤ ሰውም ከዚያ ይሸሻል። የማዕድ ቤቱ ጉዳይ ከመጀመሪያው ዓመትም ያልፋል። በማንቸስተር ተማሪዎች ለሁለተኛው ዓመት የሚከራዩትን ቤት መፈለግ የሚጀምሩት ገና በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ወር አካባቢ ነው፤ አብረዋቸው ቤት የሚከራዩትም ብዙ ጊዜ በዚያው ማዕድ ቤት ያገኟቸውን ልጆች ነው። በጥቅምት ከማንም ጋር ያልተዋወቀች ልጅ በኅዳር አብሯት የሚከራይ ታጣለች።

ምግብ የሚያቀርብ መኖሪያን በተመለከተ፣ ልጅዎ የማትጾም ብትሆንና ምግብ ማብሰል ጨርሶ የማታውቅ ቢሆን ኖሮ ሐሳብዎን እደግፍ ነበር። እንዲህ ያሉት መኖሪያዎች ብዙ ጊዜ ቁርስና ራት ያቀርባሉ፤ ወላጅን ከሐሳብ ያሳርፋሉ፤ የመመገቢያ አዳራሹም የመተዋወቂያ ቦታ ነው። በፋሎፊልድ ግቢ ያለው አሽበርን ሆል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በ1900 የሴት ተማሪዎች መኖሪያ ሆኖ የተመሠረተ ነው። ነገር ግን የልጅዎን የጾም ወራት ከትምህርት ዘመኑ ጋር ያስተያዩት። ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ ጾመ ነቢያት በአገራችን አቆጣጠር ኅዳር 15 ይገባል፤ ያ ጊዜ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት የሚጠናቀቅበት ነው። በመጀመሪያ ዓመቷ ፋሲካ የሚውለው ሜይ 2 ቀን 2027 ስለሆነ ዐቢይ ጾም የሚገባው ማርች 8 ነው። የምዕራባውያኑ ፋሲካ ደግሞ ማርች 28 ነው። የዩኒቨርሲቲው የፋሲካ ዕረፍት የሚከተለው የእነርሱን በዓል በመሆኑ፣ ከሁዳዴ 55 ቀናት ብዙዎቹን፣ ሕማማትን ጭምር፣ በትምህርት ላይ ሆና ታሳልፋለች። የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው ራት ዛሬ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በቀላሉ ይገኛል፤ የራቱም ሰዓት ጾሙን አክብራ ለምትውል ልጅ ተስማሚ ነው። ቁርሱን ግን በጾም ቀን ሁሉ ከፍላበት አትበላውም። ከዚህም በላይ ምግብ በሚያቀርቡ መኖሪያዎች ለተማሪው የሚተወው ማዕድ ቤት ብዙ ጊዜ ማይክሮዌቭና ማንቆርቆሪያ ብቻ ያለበት ትንሽ ክፍል ነው፤ ሽሮ የምታንተከትክበት ምድጃ አታገኝም። ስለዚህ ልጅዎ ራሷ የምታበስልበትን መኖሪያ እንድትይዝ እመክራለሁ። ከአሁን እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሩዝ መሥራትን በራሷ እጅ እንድትለማመድ ያድርጉ።

በዚህ ላይ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ የማዕድ ቤት ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተው አይላኩ፤ በእነዚህ መኖሪያዎች ተማሪ የራሱን የማብሰያ መሣሪያ በክፍሉ እንዲያስቀምጥ አይፈቀድም፤ ሩዝ ማብሰያ ቢሆን እንኳ ይወሰዳል። ሻማ፣ ጧፍ፣ እጣንና ከሰልም በሁሉም ዘንድ የተከለከሉ ናቸው፤ ጸሎቷን ያለ ጧፍ፣ ቡናዋንም ያለ እጣን መልመድ ይኖርባታል። ጀበናውን ግን በምድጃ ላይ መጣድ ትችላለች፤ ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ ሸክላ ስለማያሞቅ አስቀድማ ታረጋግጥ። ቁሌት ስታቁላላና በርበሬ ስትጨምር የማዕድ ቤቱን በር ዘግታ መስኮት ትክፈት። በማዕድ ቤት የሚተከለው የእሳት መጠቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትን የሚለይ ሲሆን በመተላለፊያውና በመኝታ ክፍሉ ያለው ግን ጭስን ነው፤ በሩ ክፍት ከሆነ የሽንኩርቱ ጭስ ወጥቶ ደወሉን ያስጮኸዋል፤ የሕንፃው ነዋሪም በሙሉ በሌሊት ልብሱ ወደ ውጭ ይወጣል። እንጀራ በፍሪዘር በደንብ ይቆያል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ መሳቢያ ወይም ግማሹ ስለሆነ ሁለት ሁለቱን እያጠፉ ለየብቻ ቢቋጥሩላት ቦታውም ይበቃታል፤ የምትበላውን ብቻም ታወጣለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልለፍ፤ ምክንያቱም ከሕንፃው መልክ ይልቅ ልጅዎን ዓመቱን ሙሉ የሚያሳርፋት ወይም የሚያስጨንቃት እርሱ ነው። ለ2025/26 የትምህርት ዘመን ከወላጅ ቤት ወጥቶ ከለንደን ውጭ ለሚኖር የእንግሊዝ ተማሪ የሚሰጠው ከፍተኛው የመንግሥት የመተዳደሪያ ብድር 10,544 ፓውንድ ነው፤ መጠኑ በየዓመቱ ይከለሳል። ሙሉው የሚሰጠው የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 25,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሲሆን፣ ገቢው ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ብድሩ ይቀንሳል። የሁለት ሥራዎ ገቢ ከዚህ በላይ ሊሆን ስለሚችል መኖሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ልጅዎ ስንት እንደሚደርሳት አስልታችሁ እወቁ። አንዱን ሥራ ካቆሙና ገቢዎ ቢያንስ በ15 በመቶ ከቀነሰ ብድሩ በአሁኑ ዓመት ገቢዎ እንዲሰላ ማመልከት ይቻላል። ከዚያ የሳምንቱን ኪራይ ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ኪራይ በውሉ ሳምንታት አባዝተው ይመልከቱ። ለምሳሌ ሙሉ ብድር የምታገኝ ተማሪ በሳምንት 150 ፓውንድ የሚከፈልበትን ክፍል ለ40 ሳምንት ብትይዝ ዓመቱን 6,000 ትከፍላለች፤ 4,544 ይተርፋታል፤ ይህም በሳምንት 113 ገደማ ነው። በሳምንት 210 የሚከፈልበትን ለ42 ሳምንት ብትይዝ ግን 8,820 ትከፍላለች፤ የሚተርፋት 1,724 ነው፤ በሳምንት 41 ፓውንድ። በ41 ፓውንድ ምግብ፣ መጓጓዣና መጻሕፍት አይሸፈኑም፤ ልጅቷ ወይ ትሠራለች ወይ እርስዎ ሦስተኛ ሥራ ይፈልጋሉ። የፋርማሲ ተማሪ ደግሞ የቤተ ሙከራ ሰዓቷ ብዙ ስለሆነ የሳምንቱን ቀናት ለሥራ ማዋል ይከብዳታል።

የግል ኩባንያዎች የሚያከራዩዋቸው የተማሪ ሕንፃዎች ጂምናዚየምና የፊልም ክፍል ያሳያሉ፤ ውላቸው ግን እስከ 51 ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ልጅዎ ለንደን ከእርስዎ ጋር በምትሆንበት በዓመቱ ማብቂያ ረጅም ዕረፍትም ኪራዩ ይቆጠራል ማለት ነው። ዋስ እንዲሆኑ እርስዎን ይጠይቃሉ፤ «ቶሎ ካልያዛችሁ ያልቃል» እያሉም ያጣድፋሉ። የልጅዎ የዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚጸናው የመልቀቂያ ፈተናዋ ውጤት በነሐሴ ሲወጣ ስለሆነ፣ ቦታውን ካላገኘች ውሉ ያለ ክፍያ እንደሚፈርስ በጽሑፍ የማይገልጽ ውል ላይ በፍጹም አይፈርሙ። የዩኒቨርሲቲው መኖሪያም ቢሆን ውል ነው፤ በዓመቱ መካከል ለመውጣት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚተካውን ሰው እስኪያገኝ ይከፍላል። በ2020 መጸው፣ በኮሮና ጊዜ፣ በፋሎፊልድ መኖሪያዎች ዙሪያ አጥር ሲቆም ተማሪዎቹ አጥሩን አፍርሰው፣ በግቢው ያለውን የኦወንስ ፓርክ ፎቅ ይዘው፣ ኪራይ አንከፍልም ብለው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ኪራይ 30 በመቶ ቀነሰ። ያ ቅናሽ በተማሪዎቹ ትግል የተገኘ እንጂ በውሉ የተጻፈ መብት አልነበረም፤ ስለዚህ የመውጫውን አንቀጽ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለታችሁም አንብቡት።

የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መኖሪያዎች በሦስት አካባቢዎች ይገኛሉ፦ በከተማው ውስጥ ከመማሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ፣ በቪክቶሪያ ፓርክና በፋሎፊልድ። ሁሉንም የሚያገናኘው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ደቡብ የሚወርደው ረጅሙ የኦክስፎርድና የዊልምስሎ ጎዳና ነው፤ ፋሎፊልድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመካከሉ ራሾልም አለ፤ ቅመም፣ ሐላል ሥጋ፣ ምስርና ሽምብራ በርካሽ የሚገኝበት ሠፈር ነው። አውቶቡስ በየደቂቃው ያልፋል ለማለት ይቀርባል፤ ሌሊትም አለ። ልጅዎ ስለ ፋሎፊልድ የሰማችው እውነት ነው፦ አብዛኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ሕይወት አለው። እርስዎ የሚፈሩትም እውነት ነው፤ ሌሊቱ ይጮኻል፤ ግብዣው የሳምንቱን ቀን አይመርጥም፤ የስልክ ንጥቂያም አለ። በዚያ ግቢ ኦክ ሃውስ ስምንት ስምንት ሆነው ማዕድ ቤት የሚጋሩበትና ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በ2019 የተከፈተው አንስዎርዝ ፓርክ ደግሞ የግል መታጠቢያ አለው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ግቢው አሮጌ ሕንፃዎቹ በየደረጃው ፈርሰው እንዲሠሩ ዕቅድ የወጣለት ስለሆነ በተመረጠው ሕንፃ አጠገብ በዚያ ዓመት ግንባታ ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሚቆፍር ማሽን ከሌሊቱ ሙዚቃ የባሰ ነው።

እኔ ለልጅዎ አስቀድሜ የማየው በከተማው አካባቢ ያለውን ዊትዎርዝ ፓርክን ነው። ተማሪዎች ራሳቸው የሚያበስሉበት፣ መታጠቢያ የሚጋሩበት፣ ወደ መማሪያው በእግር ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቤተ ሙከራ የምትገባ የፋርማሲ ተማሪ ጾም ውላ፣ በዝናብ አውቶቡስ ጠብቃ ከምትሄድ በእግሯ ደርሳ በቀትር ወደ ክፍሏ ተመልሳ ዐረፍ ብትል ይሻላታል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ገና በአሥር ሰዓት ስለምትገባም በጨለማ የምትሄደው መንገድ አጭር ይሆናል። ወደ ጓደኞቿ ፋሎፊልድ ለመሄድ አንድ አውቶቡስ ይበቃታል። ሁለተኛ ምርጫ ኦክ ሃውስን አድርጉላት፤ የእርሷም ፈቃድ በዚህ ይጠበቃል። በዓመቱ የምትኖርበት እርሷ ስለሆነች ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም የመጨረሻው ቃል የእርሷ ይሁን እላለሁ።

የሴቶች ብቻ የሆነውን በተመለከተ ሙሉ ሕንፃ መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ በማመልከቻው ላይ የሴቶች ብቻ የሆነ ፍላት መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ጸጥታ የሚበዛበት ወይም መጠጥ የማይገባበት ፍላት አላቸው። ከአክስቷ ጋር መኖሩን ግን ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም። አክስት ቤት ያለች ልጅ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት መመለሻ ሰዓት ይኖራታል፤ የቤት ሥራ ታግዛለች፤ እንግዳ ሲመጣ ትቀመጣለች፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ በማዕድ ቤት ሲተዋወቁ እርሷ የለችም። አክስቷ ከዚህ የበለጠ ጥቅም አላት፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላበት ቤት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ስትታመም የሚደወልበት ስልክ። ስለ ሕመም ካነሳሁ፣ ከመግባቷ በፊት ሜንኤሲደብሊውዋይ የተባለውን የማጅራት ገትር ክትባት መውሰዷን ያረጋግጡ፤ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ያመለጣትም እስከ 25ኛ ልደቷ ድረስ ከሐኪም ቤት በነፃ ታገኘዋለች።

ይህን የሚያነብ፣ ያለ ቤተሰብ ብቻውን ተሰድዶ መጥቶ በአካባቢ መስተዳድር እጅ ያደገ ወጣት ካለ፣ ለእርሱም አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ላሉ ተማሪዎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመኖሪያ ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ በዕረፍት ጊዜ የሚሄድበት ቤት ስለሌለው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ውልም ያዘጋጃሉ፤ መስተዳድሩም ለከፍተኛ ትምህርት 2,000 ፓውንድ የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ አለበት። በማመልከቻው ላይ በመስተዳድር እጅ ማደግን የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ሳያደርጉ በማፈር ያለፉ ልጆች አውቃለሁ፤ ሳጥኑ የተቀመጠው ለእነርሱ ነው።

ማመልከቻውን ስትሞሉ ዩኒቨርሲቲው ዋስትና የሚሰጠው በቀነ ገደቡ ውስጥ ላመለከተ አዲስ ተማሪ ክፍል እንደማያጣ እንጂ የመረጠውን ሕንፃ እንደሚያገኝ አለመሆኑን አስታውሱ። ስለዚህ በነፃ ሐሳብ መስጫው ቦታ የሕንፃ ስም ከመድገም ይልቅ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ፦ «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ነኝ፤ በዓመቱ ብዙ ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ እጾማለሁ፤ ስለዚህ ራሴ የማበስልበት ማዕድ ቤት ያለው፣ የሴቶች ብቻ የሆነ ፍላት እፈልጋለሁ፤ መታጠቢያ መጋራት እችላለሁ።» የሚመድበው ሠራተኛ ቦታ የሚፈልገው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው፤ መታጠቢያ እንደምትጋራ መግለጿም የምትገባባቸውን ክፍሎች ያበዛላታል።

ገብታ ሳለ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት እያለቀሰች ብትደውል መኪና ይዘው አይነሱ፤ በዚያ ሳምንት የሚያለቅሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ማዕድ ቤቱ ገና የማንም አልሆነም። በአራተኛው ሳምንት አካባቢም እንደዚያው ከሆነች የክፍል ዝውውር ትጠይቅ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዝውውርን የሚከፍቱት መግቢያው ከረጋ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሳይመጡ የቀሩ ተማሪዎች ክፍል ባዶ ይሆናል። ጥያቄውን የምታቀርበውም እርስዎ ሳይሆኑ እርሷ ትሁን፤ 18 ዓመት የሞላት ተማሪ ጉዳይ ያለ ፈቃዷ ለወላጅ አይነገርምና።